አንድ ቀብር የዘጋው አዳራሽ

ዝናቡ ባይመጣ ኖሮ በዚያ በኩል አላልፍም ነበር። ለታላቅ እህታችን ለእታለም መድኃኒት ገዝቼ ከፋርማሲ ስወጣ ሰማዩ ጠቁሯል፤ መንገዱን ሳልሻገር ዶፉ ወረደ። መድኃኒቱን ጉያዬ ውስጥ ሸጉጬ በቅርብ ወዳገኘሁት ጥላ ሮጥኩ። ፊቴን ጠርጌ ቀና ስል ልጄና ወንድሜ የሚሠሩበት ሆቴል የጓሮ በር ላይ ቆሜአለሁ።

የዚያ ሆቴል ጓሮ ከፊት ለፊቱ ጋር የሚተዋወቅ አይመስልም። ፊት ለፊቱ መስተዋትና አበባ ነው። ጓሮው የቆሻሻ በርሜል፣ የበረኪና ሽታ፣ በሽቦ ላይ ተሰጥተው ዝናብ የሚመታቸው የዕቃ ማድረቂያ ጨርቆች። በሩ ሥር በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ወንድሜ ተቀምጧል። አንድ ጫማውን አውልቆ እግሩን ያሻል።

«ምን እግር ጣለሽ?» አለኝ።

«ዝናብ ነዋ። እግርህ ምን ሆኖ ነው ጋሼ? አብጧል እኮ። ሐኪም አይቶታል?»

«ቆሜ ስለምውል ነው።»

«ስኳር ሊሆን ይችላል።»

«ጫማ ነው። ጫማው ጠቦኝ ነው። አንቺ ደግሞ ሰው እግሩን ሲያሽ ካየሽ ቆርጠሽ ልትጥይው ነው።»

ሰው ሁሉ እንዲህ እያለ ይስቅብኛል። ክፉውን አስቀድሜ ማሰብ ልማዴ ነው፤ አስቤው የቀረ ክፉ ነገር ብዙ ስለሆነ ማሰቤን መተው እፈራለሁ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እንደጨረስኩ ትዳር ያዝኩ፣ አንድ ልጅ ወለድኩ፣ ባሌ ቶሎ ሞተብኝ። አንድ ልጅ ያላት ሴት ሌላ ምን ሥራ አላት? ትፈራለች።

ጋሼ ጫማውን እያጠለቀ «እንኳን አገኘሁሽ» አለ። «ልጅሽን ምከሪልኝ። እኔና እሷ ልንጣላ ነው። ከተጣላን ደግሞ መሀል ገብተሽ የምትታሺው አንቺ ነሽ።»

ነገሩን ከልጄ በኩል ሰምቼው ነበር።

ጋሼ በዚያ ሆቴል የአስተናጋጆች አለቃ ነው፤ ሠራተኞቹም «አለቃ» እያሉ ነው የሚጠሩት። ወጣትነቱን የጨረሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሰው በተፈለገ ቁጥር ከቤተ ዘመድ እየመረጠ አስገብቷል። ዋናው አብሳይ የአክስታችን ልጅ ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ የአጎታችን ልጅ ናት። ትሪ የሚያመላልሱት የአጎት ልጅ፣ የአጎት ልጅ ልጅ፣ የአክስት ልጅ ልጅ ናቸው። አዳራሹን በሥራ ሰዓት ያየ ሰው የሠርግ ፎቶግራፍ ያየ ይመስለዋል። ጋሼ ይህን ያደረገው በክፋት አይደለም። ሥራ የጠፋበትን ዘመድ ሁሉ አንገት ያቀናው እሱ ነው፤ ይህን የሚክድ ከመካከላችን የለም።

ልጄም በሆቴል ትምህርት ተመርቃ በዚያው ሆቴል የሠራተኞች ኃላፊ ሆና የተቀጠረችው እሱ ለባለቤትየዋ ነግሮላት ነው። እንግዲህ ከአስተናጋጆቹ አንዷ አግብታ ለቀቀችና ቦታዋ ክፍት ሆነ። ጋሼ ለቦታው የሚስቱን የእህት ልጅ አጨ። ልጄ ደግሞ ዕቃ አጣቢዋን አለች። ባለቤትየዋም «ተስማሙና አንድ ስም አምጡልኝ። ብዙ ቱሪስቶች ሊመጡብን ነው፤ ከዚያ በፊት ይሁን» አለቻቸው።

ጋሼ የማያውቀውን አንድ ነገር እኔ አውቅ ነበር። ሩቅ፣ ባሕር ዳርቻ ያለ አንድ ትልቅ ሆቴል ልጄን «ነይልን» ብሏታል። «እማዬ፣ አንድ ሰው እንኳ አስቤ መመደብ ካልቻልኩ እዚህ የተቀመጥኩት ለጌጥ ነው፤ እሄዳለሁ» ብላኛለች። እሱ ከረታ ልጄ ትሄድብኛለች። እሷ ከረታች ወንድሜ ይቀየመኛል። ሌሊቱን ሁሉ እዚህና እዚያ ስገላበጥ ነበር የማድረው።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ልጄ በጓሮ በር ብቅ አለች። እኔን ስታይ ደነገጠች።

«እማዬ? እታለም ደህና ናት?»

«ደህና ናት። መድኃኒቷን ይዤ ነው፤ ዝናብ ያዘኝ።»

«ነይ ወይዘሪት ዲፕሎማ» አለ ጋሼ። «እናትሽ ባለችበት እንጨርሰው። ያንን የተማርሽውን ቃል በይልኝ እስቲ፤ ብ… ምንድነው?»

«ብዝኃነት።»

«አዎ፣ እሱ። ብዝኃነት ሾርባ ያወጣል?»

ልጄ ፈገግ አለች። ከእሱ ጋር ስትከራከር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። የሚጮህ ሰው ይበርድለታል፤ በለሆሳስ የሚናገር ግን ያሰበውን ያደርጋል።

«ሾርባ አያወጣም አጎቴ። የተበላሸ ሾርባ ሲወጣ ግን ያስቆማል።»

«ደግሞ ያንን ዓሣ ልታነሺ ነው?»

«ላንሳው እንጂ። ትሪውን የያዘው ልጅ ሸትቶታል፤ በአፉ ነግሮኛል። 'ታዲያ ለምን አልመለስከውም?' ብለው፣ 'ያበሰሉት የአባቴ ታላቅ ናቸው፤ በምን አፌ ሸተተ ልበላቸው?' አለኝ። ዓሣውን የበላችው እንግዳ ሆስፒታል ገባች። እኛ እርስ በርስ ተከባበርን።»

«አንድ ጊዜ ነው የሆነው።»

«የታወቀው አንድ ጊዜ ነው።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። «ትሰሚያታለሽ? እኔ የምለው ቀላል ነገር ነው። ከማላውቀው መልአክ የማውቀው ሰይጣን ይሻለኛል። ዘመድ ከሆነ አንድ ማንኪያ ብትጠፋ የማንን በር እንደማንኳኳ አውቃለሁ። ባዳ ቢሰርቀኝ የት አገኘዋለሁ?»

«ማንኪያ ጠፍቶ ያውቃል?» አለች ልጄ።

«… ጠፍቶ ያውቃል።»

«በሩን አንኳኩ?»

ጋሼ ሳቁ አመለጠው። «ምን ብዬ ላንኳኳ? በሩን የምትከፍተው አክስቴ ናት።»

እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ግን ሳቄን ዋጥኩት፤ ሳቅ ካለፈ በኋላ የሚመጣውን አውቀዋለሁ።

«እሺ፣ ይሁን» አለ ጋሼ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዝሜ ጥሩ ሠራተኛ ናት፤ አልክድም። ሳህኗ እንደ መስተዋት ነው። ግን ከሌላ አገር የመጣች ሰው ናት። ቃል ስታወጣ አንደበቷ ይሰበራል። ደግሞ ጉንጯ… እሳት የበላው ፊት ይዛ ሰው ሊበላ ወደተቀመጠበት ትምጣ?»

ዕቃ አጣቢዋን ዝሜ ያሏት ስለማትናገር ነው። የማትናገረው ደግሞ ስትናገር ስለሚስቁባት ነው።

«እንግዳው የሚበላው ሳህኑ ላይ ያለውን ነው አጎቴ፤ ጉንጯን አይደለም» አለች ልጄ። «አንደበቷን ካነሱ፣ የእኛ እንግዶች ግማሾቹ ቋንቋችንን ከእሷ ብሰው ነው የሚሰብሩት። ውሃ ለመጠየቅ የሚቸገር ሰው ፊት፣ መቸገርን የምታውቅ ሴት ብትቆም ምን ይጎዳል? የአስጎብኚው ድርጅት ሰው ምን እንዳለኝ ልንገርዎ? 'ሆቴላችሁ ንጹሕ ነው፤ ምግባችሁ መልካም ነው፤ ግን እንግዶቼ ሳይጠሩ ሰው ድግስ ላይ የገቡ ይመስላቸዋል' አለኝ። ልጆቹ በጠረጴዛው ላይ እርስ በርስ ይቀላለዳሉ፣ ይሽሟጠጣሉ፣ የቤት ነገር ያወራሉ። እንግዳው መሀል ቤት ተቀምጦ ባይተዋር ይሆናል።»

«ተጫዋች ልጆች ናቸው።»

«ናቸው። ጨዋታው ግን የእነሱ ብቻ ነው።»

ጋሼ ከሳጥኑ ላይ ተነሣ። «የኔ ልጅ፣ አባቶቻችን ሲናገሩ ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ብለዋል።»

«ታዲያ አህያዋ አመድ ላይ ስትንከባለል ጭነቱን ማን ይሸከመዋል?»

እሱ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት በሩ ከውስጥ ተገፋ። «ይቅርታ፤ ባልዲውን ላሳልፍ» አለች አንዲት ሴት። ሦስታችንም ግራና ቀኝ ገለል አልን። ዝሜ ነበረች። ሽርጧ እስከ ደረቷ ርሷል። ማንንም ሳታይ አልፋ የእጣቢውን ውሃ ዝናቡ ላይ ደፋችው፤ ስትመለስ ያ ጉንጯ በእኔ በኩል ሆነ። ዐይኔን ቶሎ ሰበርኩ። እሷም መስበሬን አየች። እንዲህ ያለውን ነገር ስለለመደችው ምንም አልመሰላትም፤ ያልመሰላት መሆኑ ነው ሆዴን የነካው። በሩ ተዘጋ።

«ሰምታናለች?» አለ ጋሼ።

«ሁልጊዜ ትሰማለች» አለች ልጄ። «በሩ ስስ ነው።»

ጋሼ አፈር መሰለ። ያፈረ ሰው ግን ወዲያው አይረታም፤ ይብሱን ይገግማል። «የተናገርኩትን ተናግሬአለሁ» አለ። «እኔ እስካለሁ ድረስ ኪችንና አዳራሹን የሚለየውን በር አታልፍም። ሳህኑን በመስኮቱ ትቀበላለች፣ በመስኮቱ ትመልሳለች። ከዚህ ወዲያ ከፈለግሽ ባለቤትየዋ ትፍረደን።» ብሎ ገባ።

ዝናቡ ሲያባራ ልጄ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። «ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት። «ቱሪስቶቹ ተስተናግደው ይሂዱ፤ ከዚያ ለባሕሩ ሆቴል መልስ እሰጣለሁ» አለችኝ። መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

ክፉ ነገር ግን በር ላይ የሚጠብቁትን ትቶ በጓሮ ነው የሚገባው። እኔ ልጄን አጣለሁ ብዬ ስጠብቅ እታለም ሞተች። ቱሪስቶቹ የሚመጡበት ቀን፣ ማለዳ ላይ፣ ልቀሰቅሳት ብገባ እጇ ቀዝቅዟል። መድኃኒቱ ከአጠገቧ እንዳለ ነው፤ ገና አልተጋመሰም።

እታለም ጋሼንና እኔን ያሳደገች ናት። እኛን ብቻ አይደለም፤ በዚያ አዳራሽ ሽርጥ ከታጠቁት ውስጥ ከእሷ እጅ ያልጎረሰ የለም። ወሬው ሆቴሉ ሲደርስ አብሳዩ ጭልፋውን አስቀምጦ ወጣ። ገንዘብ ተቀባይዋ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጥላ እየጮኸች ተከተለችው። አስተናጋጆቹ አንድ በአንድ ሽርጣቸውን እየፈቱ በየወንበሩ ራስ ላይ ሰቀሉና ሄዱ። ማን ምን ይላቸዋል? አክስት ናት፣ አያት ናት፣ እናት ናት። ሊቀጠር የተዘጋጀው የጋሼ ሚስት የእህት ልጅ ሳይቀር መጣ፤ አስከሬን ለማንሣትም ቀድሞ የደረሰ እሱ ነበር።

ቀብሩ ከምሳ በኋላ ሆነ። እኔ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሜ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ጋሼ የለም፤ ልጄም የለችም። የመኪና አደጋ ደርሶባቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። «ወንድሟስ?» ይላል አንዱ። «አንድ ወንድም አይደለም ያላት?» ይላል ሌላው። ደመናው እንደገና እየከበደ መጣ፤ ቆፋሪዎቹ ጥቂት ታገሡና አካፋቸውን አነሱ። በጋሼ ፈንታ አፈሩን ቀድሜ የጣልኩት እኔ ነኝ። የጋሼ ሚስት ከኋላዬ ሆና «ለትሪ ብሎ እህቱን ሳይቀብር ቀረ» አለች። በሹክሹክታ ነው ያለችው፤ ግን ሁሉም ሰማው።

ሆቴሉ ውስጥ የሆነውን ያወቅሁት አመሻሹ ላይ ነው። ግማሹን ልጄ፣ ግማሹን ራሱ ጋሼ ነግረውኛል።

ጋሼ ጥቁር ኮቱን ለብሶ በዋናው በር ሊወጣ ሲል አውቶቡሱ ወደ ግቢው ታጠፈ። አብዛኞቹ አሮጊትና ሽማግሌ ናቸው፤ ከሩቅ መጥተዋል፤ እግራቸው አብጧል፤ ርቧቸዋል። ባለቤትየዋ መቀበያው ጋ ቆማለች። «ሂድም አትሂድም አልልህም» አለችው፤ «የእህት ነገር ነው። ግን እነዚህን ማን ያበላቸዋል?» ጋሼ ዞሮ አዳራሹን አየ። ጠረጴዛው ሁሉ ተነጥፏል፤ አንድም ሰው የለም።

ልጄ «እኔ እቆያለሁ፤ እርስዎ ይሂዱ» አለችው።

«ብቻሽን?»

ይህን ጊዜ ዝሜ እጇን በሽርጧ እያደረቀች የኪችኑን በር በትንሹ ከፍታ ብቅ አለች። በሩን ግን አላለፈችም። «አለቃ፣ እኔም አለሁ። ይሂዱ» አለችው።

ከዚህ በኋላ ያለውን በጋሼ አፍ ልናገረው። «ልሄድ ነበር» አለኝ። «እግሬን አንሥቼ ነበር። ከዚያ 'መጀመሪያ የሚታደለው የቱ ጠረጴዛ ነው?' ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀችኝ። ስንት ዘመን ሳህናችንን ስታጥብ የኖረች ሴት ጠረጴዛው እንዴት እንደተደረደረ አታውቅም። ትሪ በየትኛው እጅ እንደሚያዝ አታውቅም። ከየት ታውቀው? አትግቢ ያልኳት እኔ ነኝ። ብሄድ ልጅሽ ብቻዋን አትችለውም። ኮቴን አውልቄ የሥራውን ለበስኩ። እሷን ላሳያት ጀመርኩ፤ ይህን ሳሳይ፣ ያንን ሳሳይ፣ እዚያ እታለምን አፈር አለበሷት።»

ዝሜ ስትሠራ ተአምር አላሳየችም። ሾርባ የጠረጴዛ ጨርቅ ላይ ደፍታለች። ለአንዱ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ሲደርሰው ጎረቤቱ ባዶ ማንኪያ ይዞ ቆይቷል። ልጄ ታበስላለች፣ ጋሼ ይቆርሳል፣ ዘበኛው ሳይቀር እጁን ታጥቦ ውሃ አድሏል። አንዲት አሮጊት እንግዳ ነገሩ ስለገባቸው ተነሥተው ሳህን አቀባበሉ። ምሳው ዘገየ፤ ግን ጾሙን የዋለ የለም።

እንግዶቹ በልተው ሲነሡ ጋሼ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ቀረ። ዝሜ ሳህን እየሰበሰበች አጠገቡ ደረሰች።

«አለቃ፣ መቃብሩ ነገም እዚያው ነው» አለችው። «ነገ ይሄዳሉ። እኔም እናቴ የሞተች ዕለት እዚሁ ነበርኩ።»

«መቼ ነው እናትሽ የሞተችው?»

«አምና፣ በዝናቡ ወራት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማንን ልጠይቅ? ፈቃድ ለዘመድ ብቻ የሚሰጥ መስሎኝ።»

ይህን ብላ ሳህኑን ተሸክማ ወደ ማጠቢያዋ ተመለሰች።

ጋሼ ለቅሶው ቤት ሲገባ ለቀስተኛው ጸጥ አለ። ሚስቱ ፊቷን አዞረች። እሱ ማንንም ሳያይ መጥቶ ከእኔ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ልጄም ከወዲያ በኩል ተቀመጠች። ብዙ ዘመን የማውቀው ወንድሜ ትከሻው ከኮቱ ውስጥ የጠፋ መሰለኝ።

«እነዚህን ሁሉ የቀጠርኩት ለክፉ ቀን ይሆኑኛል ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ። «ክፉው ቀን መጣ። ሁሉም ሄዱ። አልፈርድባቸውም፤ መሄድ ያለባቸው ናቸው። ግን ዘመድ ቢያንሰኝ ኖሮ ዛሬ እህቴን እቀብር ነበር።»

ልጄ «አላልኩዎትም?» ብትለው ኖሮ ነገሩ በዚያው በተበላሸ። አላለችውም። እጁን ያዘችው።

«አጎቴ፣ ዘመድ አይቅጠሩ ብዬ አላውቅም። ዘመድ ብቻ አይሁን ነው የምለው። ሁላችንም አንድ ቤት ነን፤ የአንዱ ሐዘን የሁላችን ነው፣ ሠርጉም የሁላችን ነው። እንግዳ ግን የእኛን ሠርግና ለቅሶ አይቶ አይመጣም። ከሌላ ቤት የመጡ ሦስት ሰዎች ቢኖሩ ዛሬ እነሱ ቆመው እኛ እናለቅስ ነበር። በሌላ ቀን ደግሞ እኛ ቆመን እነሱ ያለቅሳሉ።»

«ይህ እኮ የአንድ ቀን ነገር ነው» አለ፤ ግን ልቡ እዚያ አልነበረም።

«የዝሜም እናት የሞተችው አንድ ቀን ነው።»

አንገቱን ደፋ።

«ቢሰርቁኝስ?» አለ፤ ሕፃን የመጨረሻ ምክንያቱን እንደሚያወጣ።

«ለሁሉም አንድ ደንብ ይኑር። ሁሉም ዋስ ይጥራ፣ የጠፋበትንም ሁሉም ይተካ። ያን ጊዜ ለማንኪያ ብለው አክስትዎን በር ላይ አያሳፍሯቸውም።»

«እንግዳው ፊቷን ቢጸየፍስ?»

«ዛሬ ማን ተጸየፈ?»

አሰበ። «አንድ ሽማግሌ ትኩር ብሎ አይቷት ነበር። ኋላ ሾርባው ሲደርሰው ሾርባውን አየ።»

እኔ በለቅሶ መሀል እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ያስቀኝና ደግሞ ያስፈራኛል። በዚህ መሀል የሚስቱ ነገር ትዝ አለኝና «ጋሼ፣ የባለቤትህ የእህት ልጅስ?» አልኩት ቀስ ብዬ። ሚስቱ ከማዶ ጆሮዋን አቅንታለች።

ልጄ መለሰችልኝ። «ከተማው ማዶ ያለው ሆቴል ሰው ይፈልጋል፤ ኃላፊዋ አብራኝ የተማረች ናት። እዚያ አጎት የለውም። ሲያጠፋ ይነገረዋል፣ ሲያለማም በራሱ ስም ይመሰገናል። እሱም ባዳ መሆንን ትንሽ ይቅመሰው።»

ጋሼ ሚስቱን አየ፤ ከዚያ እኔን፤ ከዚያ የእታለምን ባዶ አልጋ። «ነገ ለባለቤትየዋ አንድ ስም ይዘሽላት ሂጂ» አላት ልጄን። «አጎቴም ተስማምቷል በያት። አይ፣ ተይው። ራሴ እነግራታለሁ። ለዝሜም ራሴ ነኝ የምነግራት፤ አትግቢ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ልጄ የባሕሩን ሆቴል «ለጊዜው አልመጣም» አለችው። «ለጊዜው» የምትለዋ ቃል እስከ ዛሬ እንቅልፍ ትነሣኛለች፤ ቢሆንም አለች፣ ማታ ማታ በሩን ከፍታ ስትገባ እሰማታለሁ።

ለውጡ በአንድ ጀምበር አልጋ በአልጋ ሆነ ብዬ አንባቢዬን አላታልልም። የጋሼ ሚስት እኔን ካነጋገረችኝ ቆየች። ዝሜ አንድ ሳህን «ይሄ ትንሽ ሸቷል» ብላ በመለሰች ጊዜ አብሳዩ ጭልፋውን ወርውሮ ወጥቷል። በሌላ ቀን ስትመልስበት ግን ሳህኑን ወደ አፍንጫው አስጠጋና ምንም ሳይናገር ሌላ ጨለፈ። ከዚያ ወዲህ ትሪ ያዦቹ ዘመዶቹም የሸተተ ሳህን መመለስ ጀምረዋል፤ አንድ ባዳ ከደፈረው ለዘመዱ ቀለለው። ከዝሜ በኋላ ሁለት ሌሎች ገብተዋል። አንደኛው አንድ እግሩ አጭር የሆነ፣ መቀበያው ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ነው፤ ሁለተኛዋ ልጆቿን ለአቅመ አዳም ያደረሰች፣ 'አርጅተሻል' ተብላ ከየቦታው የተመለሰች ሴት ናት። በአዳራሹ ያለው የቤት ውስጥ ቀልድ ቀንሷል፤ ቀልዱን የማይረዱ ሰዎች አብረው ስለቆሙ፣ ልጆቹ ለሁሉም በሚገባ ቋንቋ መናገር ግድ ሆነባቸው፤ እንግዳውም ይሰማል። የአስጎብኚው ሰው እንደገና እንግዶች ይዞ መጥቷል።

እኔ ብዙ አልተማርኩም። ግን ከዚህ ያወቅሁትን ለሆቴል ባለቤቶችም፣ ሱቅ ላላቸውም፣ ልጃቸውን ለማስቀጠር አማላጅ ለሚፈልጉ እንደኔ ላሉ እናቶችም እላለሁ። አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ያለበት ቤት አንድ ዓይነት ስሕተት ይሠራል፤ ስሕተቱንም የሚያይለት አያገኝም። ፊታቸውን፣ አንደበታቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ የመጡበትን አይተን ከጓሮ ያስቀመጥናቸው ሰዎች፣ እኛ በወደቅን ቀን ሊደግፉን ቢፈልጉ እንኳ ቤቱን አላሳየናቸውም። እንግዳ መቀበል ሥራችን ነው እያልን፣ አብሮን የሚሠራውን እንግዳ ካልተቀበልን፣ የሥራውን ሀሁ ገና አልቆጠርነውም። ለዘመድ ማሰብ መልካም ነው። ዘመድን የሚጠቅመው ግን ሲያለቅስ ቆሞ የሚሠራለት ሌላ ሰው መኖሩ ነው።

ባለፈው፣ አዳራሹ ጢም ብሎ በሚሞላበት ቀን፣ ልክ በምሳ ሰዓት፣ ጋሼ እቤቴ መጣ። የሥራ ልብሱን አልለበሰም። «እታለም ጋ እንሂድ» አለኝ። ከሞተች ወዲህ በብርሃን ሄዶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ አዳራሹ ሲዘጋ፣ ሲጨላልም፣ በችኮላ ነበር።

መቃብሩ ዳር ሣር በቅሎበታል። ጋሼ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠ። አረሙን በጣቱ እየነቀለ ለእታለም በለሆሳስ ያወራት ጀመር፤ ምን እንደሚላት አልሰማሁም፤ ልሰማም አልሞከርኩም። ዕንባው ሲመጣ አልከለከለውም። እኔ ግን እንደልማዴ ሐሳብ ያዘኝ። ይህን ጊዜ እንግዳው ተቀምጧል፣ ሾርባው ይፈላል፣ ሰው ይጠራል፣ አንድ ነገር ይሰበራል፣ አንድ ሰው ይታመማል።

«ጋሼ» አልኩት፤ «ምሳ ሰዓት እኮ ነው። ብትነሣ አይሻልም? አዳራሹ…»

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ሰው አለ» አለኝ፤ አረሙን መንቀሉንም ቀጠለ።